ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አሠሪዎች በሥራ ቦታ ትንኮሳን እንዴት መከላከል እንዳለባቸው የሚመክሩ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ግልጽ መመሪያ አውጡ ይላሉ። ሠራተኞቻችሁን አሠልጥኑ፣ አቤቱታ የሚሰማ ሰው መድቡ፣ አቤቱታ ሲመጣ ቶሎ አጣሩ፣ ሚስጥር ጠብቁ፣ የተናገረችውን አትበቀሉ ይላሉ። ከእነዚህ ውስጥ መጥፎ ምክር የለም። ግን ጸሐፊው ሲጽፍ በሐሳቡ የነበረው ቢሮ ነው። ብዙ ሠራተኛ አለ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር የሚባል ክፍል አለ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኛ ወደ ቤታችን አንሄድም። የምንሠራበት ቤት የምናድርበትም ቤት ነው። የሰው ኃይል አስተዳደሯ ማዳም ናት፣ አለቃዋ ማዳም ናት፣ አቤቱታ ሰሚዋም ማዳም ናት። የሚከሰሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሏ ነው፣ ወይ ልጇ፣ ወይ ለምሳ የመጣ ወንድሟ። አንዳንዴም ራሷ ናት፤ ምክንያቱም ትንኮሳ እጅ መስደድ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ «አህያ» እያሉ መጥራት፣ በእንግዳ ፊት ማዋረድ፣ ልብስ ስትቀይሪ ሳያንኳኩ መግባት፣ «ወደ መክተብ እመልስሻለሁ» እያሉ ማስፈራራትም ትንኮሳ ነው።

ታዲያ «አቤቱታሽን ለአሠሪሽ አቅርቢ» የሚለው ምክር እኛ የምንሠራበት ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ ሦስት ሰነዶችን አንቀጽ በአንቀጽ እየተረጎምን ስናነብ የተከራከርነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንደኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ጥቃትና ትንኮሳ ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 ነው። ሁለተኛው የሊባኖስ ሕግ ቁጥር 205 ነው። ሦስተኛው ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 201 ነው። እያንዳንዱ ለእኛ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚጎድል እንደገባኝ እጽፋለሁ።

ስምምነት 190፦ ኩሽናችንን የሚያውቅ ወረቀት

ይህ ስምምነት በ2019 ጄኔቫ ላይ ወጣ፣ በ2021 ሥራ ላይ ዋለ። ሳነበው የገረመኝ ስለ ቢሮ ብቻ አለማውራቱ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግም ትንኮሳ ነው ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቤት ሁልጊዜ የምንሰማው «አንድ ጊዜ ነው፣ ሰክሮ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው» የሚለውን ነው። ስምምነቱ እስኪደገም ጠብቂ አይልሽም። ማስፈራራቱን ራሱንም ይቆጥረዋል።

ቀጥሎ የሥራ ቦታ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። የግል ቦታም ቢሆን ሥራ ከተሠራበት የሥራ ቦታ ነው። የምታርፊበት፣ የምትበይበት፣ የምትታጠቢበት፣ ልብስ የምትቀይሪበት፣ አሠሪው የሚያሳድርሽ ክፍል ሁሉ ይቆጠራል። ለሥራ የሚደረግ ጉዞም አለበት። ስለዚህ በበጋ ቤተሰቡ ወደ ጀበል ሲወጣ ይዘውሽ ከሄዱ እዚያም ሥራ ላይ ነሽ። በስልክ የሚመጣ መልእክትም አለበት፤ ሚስተሩ እኩለ ሌሊት ላይ በዋትስአፕ የሚልከው ነገር «የግል ጨዋታ» አይደለም። በመኝታሽ በኩል የተተከለ ካሜራም «ለሌባ ነው» ስለተባለ ብቻ ነፃ አይወጣም።

ስምምነቱን ተከትሎ የወጣው ምክረ ሐሳብ 206 ደግሞ ትንኮሳ የሚበዛባቸውን ሥራዎች ሲጠራ የቤት ሥራን በስሙ ይጠራዋል። ለብቻ የሚሠራ ሥራንም ይጠራል። ስደተኛ ሴት ሠራተኞችም የመኖሪያ ወረቀት ኖራቸውም አልኖራቸውም ሊጠበቁ ይገባል ይላል። ኢቃማዋ ያለፈባት እህት ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ብታነበው አይበዛባትም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አንቀጽ 9 ላይ ያለ አንድ ሐረግ ነው። አሠሪው ትንኮሳን ለመከላከል የሚወስደው እርምጃ በእጁ ካለው የቁጥጥር መጠን ጋር የሚመጣጠን ይሁን ይላል። የጻፉት ምናልባት ትንንሽ አሠሪዎች ከአቅማቸው በላይ እንዳይጠየቁ ብለው ይሆናል። እስቲ ወደ እኛ ቤት አምጡት። የፋብሪካ ባለቤት ሠራተኛው ማታ የት እንደሚተኛ አይወስንም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የገንዘብ ያዥዋን ፓስፖርት በቁም ሳጥኑ አይቆልፍም። ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ምን እንደምትበይ፣ ስልክሽን መቼ እንደምትይዢ፣ ከቤት ትወጪ እንደሆነ የሚወስን አሠሪ ቢኖር የእኛ ከፊል ነው። ቁጥጥሩ ይህን ያህል ከሆነ ኃላፊነቱም ይህን ያህል ነው። «እኔ ተራ የቤት እመቤት ነኝ፣ ካምፓኒ አይደለሁም» የምትል ማዳም ነገሩን ገልብጣዋለች። ካምፓኒ የሌለው ሥልጣን በእጇ አለ።

የስምምነቱ ጉድለት የሚታየው እዚያው አንቀጽ ታች ላይ ነው። አሠሪው «ከሠራተኞችና ከተወካዮቻቸው ጋር ተመካክሮ» መመሪያ ያውጣ ይላል። አንዲት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ተወካዩ ማን ነው? ድመቷ? ከሥራ ቦታ ውጭ አቤት የሚባልበት መንገድ እንዲኖር መጠየቁ ጥሩ ነው። ሕይወትሽ ወይም ጤናሽ ከባድ አደጋ ላይ ነው ብለሽ በቂ ምክንያት ስታገኚ ከቦታው የመውጣት መብት አለሽ፣ ለዚህም መበቀል የለብሽም ይላል። ይህም ጥሩ ነው። ለመውጣት ግን በሩ መከፈት አለበት።

ሕግ 205፦ ቅጣቱ አለ፣ መንገዱ የለም

ሊባኖስ በዲሴምበር 2020 ወሲባዊ ትንኮሳን ወንጀል ያደረገውን ሕግ 205 አወጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፣ ስለዚህ ማመስገን ተገቢ ነው። ሕጉ እስራትና የገንዘብ ቅጣት አለው። ጥፋቱ በሥራ ግንኙነት ውስጥ ሲሆን ወይም አጥፊው በሴትዮዋ ላይ ሥልጣን ሲኖረው ቅጣቱ ይከብዳል፤ ከባዱ እስከ 4 ዓመት ይደርሳል። ያመለከተችውንና የመሰከረውን ሰው መበቀልም ይከለክላል። ደመወዝ መቀነስ፣ ኮንትራት አለማደስ የመሳሰሉት በቀል ይባላሉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ሕግ ሥሩ ቅጣት ነው። አንዲት ሴት ከተነካች በኋላ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዳ እንድትከስ ይጠብቃል። ከመነካቷ በፊት አሠሪው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያዝዝ የሥራ ሕግ ደግሞ ለእኛ የለንም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አውጥቶናል። በአንዱ ሕግ ሠራተኛ አይደለንም፣ በሌላው ሕግ ግን እንደ ማንኛዋም ዜጋ ተነስተን እንክሰስ።

እንዴት ነው የምንከሰው? ኢቃማችን በከፊሉ ስም የታሰረ ነው። ያለ ፈቃዱ ከቤት የወጣች ልጅ «ጠፋች» ተብላ ይመለከትባታል። ፖሊስ ጣቢያ የገባችው ከሳሽ ሆና ነው፤ ወረቀት ሲጠየቅ ተከሳሽ ትሆናለች። ማስረጃውስ? ነገሩ የተፈጸመው በሁለት ሰው መካከል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው። ምክረ ሐሳብ 206 ለዚህ መላ አለው፤ ከወንጀል ክስ ውጭ ባሉ ጉዳዮች የማስረዳት ሸክሙ እንደ ሁኔታው ወደ ሌላው ወገን ቢዞር ይላል። ሕግ 205 ግን የቆመው በወንጀል ክስ ላይ ስለሆነ ይህ መንገድ አይከፈትልንም።

የሊባኖስን ብቻ እየነቀፍኩ እንዳይመስል የእኛንም ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ከልክሏል፤ የተተነኮሰች ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች። ሰው ቤት የምትሠራዋ ግን እዚያም በአዋጁ ውስጥ የለችም፤ ጉዳይዋ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ወደ ጎን ተደርጓል። አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርታ ቤይሩት የመጣች ልጅ ከአንዱ የተዘጋ ቤት ወደ ሌላው ነው የተሻገረችው።

ምክረ ሐሳብ 201፦ አንድ ቁልፍ

ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣው ስምምነት 189 እና ምክረ ሐሳብ 201 በ2011 በፈረንጆች የወጡ ናቸው። ስብሰባችን ላይ ብዙ ያላወራንበት ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ዓረፍተ ነገር ምክረ ሐሳቡ አንቀጽ 17 ላይ ነው። አሠሪ ቤት ለምታድር ሠራተኛ ለብቻዋ የሆነ፣ አየር የሚገባበት፣ መቆለፊያ ያለው ክፍል ይሰጣት፣ ቁልፉም ለእሷ ይሰጥ ይላል። ያችው ቁልፍ ናት። ከሥልጠናና ከፖሊሲ ሁሉ የምትበልጥብኝ።

ስንቶቻችን ነን ቁልፍ ያለን? በረንዳ በመጋረጃ ተከልሎ የሚተኛ አለ። ኩሽና ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ሁሉም ውሃ ሊጠጣ በላይዋ የሚያልፍባት አለች። ከልጆቹ ጋር የምትተኛ አለች፤ «ልጆቹ» ሲባል አንዱ 17 ዓመቱ ነው። ምክረ ሐሳብ ስለሆነ አያስገድድም፣ «እንደ አገሩ ሁኔታ» የሚል ቃልም አለበት። ግን የጻፈው ሰው ቤታችንን ያውቀዋል። ትንኮሳ ከመንገር ሳይሆን ከበር እንደሚከላከል ገብቶታል።

ከመሆኑ በፊት

ከሦስቱ ሰነዶች የሚጠቅመውን ለቅመን ወደ አንድ ቤት ብናስገባው የአሠሪ ሥራ ይህን ይመስላል።

ክፍሏ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ከእሷ ጋር ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱም እንዲሁ። ካሜራ ካለ የት የት እንዳለ ይነገራት፤ በምትተኛበትና በምትለብስበት በኩል አይኑር። ስልኳ በእጇ ይሁን፣ ቀንም ሌሊትም። ፓስፖርቷና ኢቃማዋ በእሷ ይቀመጥ። ደመወዟ በየወሩ ይከፈላት፤ የስድስት ወር ደመወዝ የተያዘባት ልጅ የፈለገው ቢደርስባት ገንዘቧን ትታ አትወጣም፣ ይህን ደግሞ ተንኳሹ ያውቃል። የዕረፍት ቀኗን ከቤት ወጥታ ታሳልፍ፤ ሰው ካላየች ለማን ትናገራለች?

ከዚያ ማዳምና ሚስተር አንድ ላይ ተቀምጠው ቤተሰባቸውን ያናግሩ። ለሠራተኛዋ ሥልጠና መስጠት ቀላል ነው፤ «ተጠንቀቂ፣ አጭር አትልበሺ፣ አትሳቂ» ይሏታል። ሥልጠናው የሚያስፈልገው ለወንዱ ልጅ ነው። ሳያንኳኳ አይገባም፣ አይነካትም፣ ብቻዋን ስትሆን ጓደኞቹን አያመጣም። ይህን እሷ ባለችበት ቢነግሩት ደግሞ እሷም እንደተነገረው ታውቃለች።

አንዲት እህታችን የምትሠራላቸው አሮጊት ማዳም አሉ። የሴትዮዋ ወንድም እየመጣ የማይሆን ነገር ሲናገራት ፈርታ ፈርታ ነገረቻቸው። በዚያው ቀን ሠራተኛ ጠርተው በሯ ላይ ቁልፍ አስገጠሙ፤ ወንድማቸውንም «እኔ በሌለሁበት እዚህ ቤት አትምጣ» አሉት። ፖሊሲ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ከወንድማቸው ጋር ለጥቂት ጊዜ ተኳረፉ፣ ኩርፊያውን ግን እሳቸው ተሸከሙት እንጂ በእሷ ላይ አልጣሉትም።

ከሆነ በኋላ

ብዙው ጥፋት የሚሠራው ልጅቷ ከተናገረች በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ማዳም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን አድርገሽ ነው?» ብላ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ሳሎን ቁጭ ታደርጋቸዋለች። እሱ «ውሸቷን ነው» ይላል፤ እሷ ባልለመደችው አረብኛ እያለቀሰች ትንተባተባለች። ፍርዱም ያልቃል። እኛም አገር እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ «ይቅር ተባባሉ» ይባላል። ይህ ማጣራት አይደለም። የሚስት ወይም የእናት ዓይን ባሏን ወይም ልጇን ሊያጣራ አይችልም፤ ክፉ ስለሆነች ሳይሆን የሚፈርሰው ቤቷ ስለሆነ።

ስለዚህ ማዳም ዳኛ አትሁን። ከእሷ የሚጠበቀው ሌላ ነው። ልጅቷ ተናግራ እስክትጨርስ ትስማ፤ «አሁን የት ብትሆኚ ደህና ነሽ?» ብላ ትጠይቅ። በዚያው ሌሊት ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ፤ የሚወጣው ደግሞ እሱ ይሁን። እሷ መውጣት ከፈለገች ወደ መረጠችው ቦታ ትሂድ፣ ማኅበርም ይሁን ጓደኛ ቤት። ፓስፖርቷን፣ ኢቃማዋንና ያልተከፈላትን ሁሉ ይዛ ትውጣ። ጉዳት ደርሶባት ሐኪም ከፈለገች ሳይታጠቡ፣ ልብሱም ሳይታጠብ ትወሰድ። መልእክት ካለ ማንም አያጥፋው። መክሰስ ከፈለገች ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው ያግዛት። ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ከፈለገች ተናዙሉ ያለ ገንዘብና ያለ ድርድር ይፈረምላት።

አሁን የሚደረገው ግን ይህ አይደለም። መክተብ ይደወላል፣ «ችግር ፈጠረች፣ ቀይሩልኝ» ይባላል። የማውቃት አንዲት ልጅ እንዲህ ተመለሰች። መክተቡ ውስጥ «ለምን ተናገርሽ» ተብላ ተሰደበች፣ ወደ ሌላ ቤት ተላከች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ቤት፣ እዚያው ፍራሽ ላይ ሌላ ኢትዮጵያዊት ገባች፤ ገና ከአውሮፕላን የወረደች፣ ስልክ የሌላት። ማንም ምንም አልነገራትም። በመክተቡ መዝገብ ጉዳዩ «ተፈትቷል»። የተቀየረችው ልጅቷ ናት፤ ሰውየው፣ በሩና ፍራሹ እንደነበሩ ናቸው። ሦስቱም ሰነዶች ስለ አሠሪና ስለ መንግሥት ብዙ ሲሉ ስለዚህች ሁለተኛዋ ልጅ በቂ አይሉም። አቤቱታ የቀረበበት ቤት ነገሩ ከውጭ ሰው ታይቶ እስኪለይ ድረስ ሌላ ሠራተኛ ሊላክበት አይገባም። ለእኔ የአንድ አሠራር ጥሩነት የሚለካው በዚህ ነው፦ ቀጥላ ለምትገባዋ ምን አደረገ?

ሁለት መልሶች

አሠሪዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው «ቤቴ የግሌ ነው፣ መንግሥትም ማኅበርም አይገባበትም» ነው። የግልሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን ደመወዝ ከፍለሽ ሰው ካስገባሽ በኋላ የእሷም የሥራ ቦታ ሆኗል። ሁለተኛው «ውል ለማፍረስ ብለው በውሸት ይከሳሉ» ነው። ይህን የምትፈራ ማዳም መፍትሔው በእጇ ነው። ልጅቷ ሥራ መልቀቅ ስትፈልግ በሰላም መልቀቅ ከቻለች ለመውጣት ምክንያት መፍጠር አያስፈልጋትም። በ2020 በሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር የወጣው አዲሱ የኮንትራት ፎርም ያለ አሠሪው ፈቃድ ውል ማቋረጥን ይፈቅድ ነበር፤ የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር ከሶ በዚያው ዓመት አስቆመው። በሩን ራሳቸው ቆልፈው «ለምን በመስኮት ዘለለች» ይላሉ።

ለእኛም አንድ ቃል አለኝ። እናቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ብለው ነው ያሳደጉን። የዓለም ሥራ ድርጅት ከሌሎች ጋር በ121 አገሮች አስጠንቶ በ2022 ባወጣው ጥናት ከአምስት ሠራተኞች ከአንድ በላይ ጥቃት ወይም ትንኮሳ ደርሶበታል፤ ለሰው የተናገሩት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ያልተናገሩት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያት «ጊዜ ማባከን ነው» እና «ስሜ ይጠፋል» የሚል ነው። ይህ የሰነፍ ወይም የፈሪ መልስ አይደለም፣ የሚሰማ ሰው ያጣ ሰው መልስ ነው። ስለዚህ «ለምን አልተናገረችም» ብለን እርስ በርሳችን አንወቃቀስ። ከተናገረች በኋላ የሚጠብቃትን ነገር ነው መቀየር ያለብን።

ሦስቱን ሰነዶች ካነበብኩ በኋላ ፍርዴ ይህ ነው። ስምምነት 190 ቃሉ ሰፊ ነው፣ ኩሽናችን ድረስ ይገባል፤ እጁ ግን አጭር ነው። ሕግ 205 ዱላ አለው፤ ዱላውን ለማንሳት መጀመሪያ ከቤት መውጣት አለብን። ምክረ ሐሳብ 201 ማንንም አያስገድድም፤ ግን ከሦስቱ አንድ ማዳም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልትፈጽመው የምትችለው እሱ ነው። ወደ ቁልፍ ሠሪ መደወል ነው።

አዲስ ቤት የምትገቡ እህቶች ደመወዙን ስትጠይቁ እነዚህንም ጠይቁ፦ የት ነው የምተኛው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስልኬስ? ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ለምን ወጣች? የመጨረሻውን ጥያቄ መክተቡ አይወደውም። ከተቻለ ራሷን ልጅቷን ፈልጋችሁ ጠይቋት። የወጣችሁበትን ቤት ደግሞ ለማኅበሩ ንገሩ፤ ስማችሁ ሳይጻፍ ስለ ቤቱ ብቻ መናገር ይቻላል። ቀጥላ የምትገባዋ ሳታውቅ እንዳትገባ።